ለተራራ አደን የሚሆን ቀላል ጠመንጃ፦ ቲካ ቲ3ኤክስ ላይት በቅርብ ሲታይ

በኮሎራዶ ተራሮች ኤልክ የሚባለውን ትልቅ አጋዘን ለማደን የሚዘጋጅ ሰው ጠመንጃ ሲመርጥ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ክብደት ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዴንቨር ራሷ 1600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ብትሆንም፣ ኤልክ በመጸው ወራት የሚውልበት የጥድ ደን ብዙ ጊዜ ከ2700 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ አየሩ ስስ ነው፣ አቀበቱም አያልቅም፤ ጠዋት ያልተሰማ ሸክም ከቀትር በኋላ ትከሻን ይቆርጣል። ይሁን እንጂ በእኔ እምነት የሚገዛው ጠመንጃ ከሁሉ የቀለለው ሳይሆን፣ ቀልሎም በእጅ ረግቶ መተኮስ የሚቻለው መሆን አለበት። ቲካ ቲ3ኤክስ ላይትን በ.308 ዊንቸስተር ጥይት የምመርጠውም በዚህ ሚዛን ነው።

ጠመንጃው የሚሠራው ፊንላንድ ውስጥ ሪሂማኪ በተባለች ከተማ በሚገኘው በሳኮ ፋብሪካ ነው። ሳኮ እ.ኤ.አ. በ1921 የተመሠረተ ሲሆን ከ2000 ጀምሮ በጣሊያኑ የቤሬታ ኩባንያዎች ሥር ይገኛል፤ ቲ3 የተባለው ሞዴል በ2003፣ የተሻሻለው ቲ3ኤክስ ደግሞ በ2016 ለገበያ ቀረበ። አሠራሩ አገር ቤት ምንሽር ሲተኮስ ላየ ሰው እንግዳ አይሆንበትም፤ እጀታውን አንስቶ መዝጊያውን ወደ ኋላ ሲስብ ቀለሁ ይወጣል፣ መልሶ ሲገፋው አዲስ ጥይት ይጎርሳል። ልዩነቱ ቅልጥፍናው ላይ ነው። የቲካው እጀታ የሚነሣው 70 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ እጅ በጠመንጃው ላይ ከሚታሰረው የማነጣጠሪያ መነጽር ጋር አይጋጭም፣ መዝጊያውም ቅቤ የተቀባ ያህል ሳይንገጫገጭ ይመላለሳል። በዚህ ዋጋ ከማውቃቸው ጠመንጃዎች መካከል እንዲህ ለስልሶ የተሠራ መዝጊያ አላየሁም። ፋብሪካው ጠመንጃው 3 ጥይቶችን በ100 ያርድ (91 ሜትር ያህል) ርቀት ላይ 1 ኢንች ገደማ በሆነ ክብ ውስጥ እንደሚሰበስብ ዋስትና ይሰጣል፤ ከሚስማማው ጥይት ጋር ሲገናኝ ይህ ተስፋ የባዶ ማስታወቂያ አይደለም።

ባዶውን ሲመዘን 3 ኪሎ ግራም አካባቢ ነው። ከዚህም የቀለሉ አሉ፤ ለምሳሌ የኪምበር ማውንቴን አሴንት በአጫጭር ጥይቶች 2.2 ኪሎ ግራም ገደማ ብቻ ይመዝናል፣ ዋጋው ግን በአብዛኛው ከቲካው እጥፍ ይበልጣል። ዋጋውን ወደ ጎን ብንተወው እንኳ ክብደት መቀነሱ የራሱን ዕዳ ያስከትላል። ያው ጥይት ከቀላል ጠመንጃ ሲተኮስ ርግጫው፣ ማለትም ጠመንጃው ትከሻን ወደ ኋላ የሚመታበት ኃይል፣ ይበረታል፤ ርግጫን የፈራ ተኳሽ ደግሞ ምላጩን ከመሳቡ በፊት ዓይኑን ይጨፍናል፣ ትከሻውንም ይሸሻል። ሌላው ችግር ብዙም አይነገርለትም። በጣም ቀላል ጠመንጃ የተኳሹን ትንፋሽና የልብ ምት ሁሉ ይከተላል። ዳገት ወጥቶ ገና ደረቱ እያለከለከ ያለ ሰው የመነጽሩ መስቀል በእንስሳው ትከሻ ላይ ሲዋልል ያየዋል፤ ጠመንጃው ትንሽ ክብደት ካለው ግን መዋለሉ ይዘገያል፣ ምላጩን ለመሳብም ፋታ ይገኛል። ቲካው ከመነጽሩ፣ ከማንገቻውና ከጥይቱ ጋር ሲመዘን ከ3.5 ኪሎ ግራም ትንሽ ይበልጣል፤ ይህም ቀኑን ሙሉ የሚቻል ሸክም ነው፣ ተንበርክኮ ለመተኮስም በቂ እርጋታ ይሰጣል።

የጥይቱ ምርጫ ከጠመንጃው ምርጫ ተነጥሎ አይታይም። የኮሎራዶ ደንብ ኤልክ የሚታደንበት ጥይት ቢያንስ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 85 ግሬን (5.5 ግራም ገደማ) ክብደት ያለው አረር እንዲኖረው፣ በ100 ያርድ ላይም ቢያንስ 1000 ፉት ፓውንድ ጉልበት እንዲይዝ ያዛል። ከ1952 ጀምሮ በገበያ ላይ ያለው .308 ይህን ጉልበት ከእጥፍ በላይ ያሟላል፣ በየሱቁም ይገኛል። ርግጫው የሚከብደው ሰው 7 ሚሊ ሜትር-08ን ወይም በ2007 የወጣውን 6.5 ክሪድሞርን ቢይዝ አይጎዳም። የማልመክረው .300 ዊንቸስተር ማግነምን በእንዲህ ያለ ቀላል ጠመንጃ መያዝን ነው፤ ርግጫው ከ.308 አንድ ተኩል እጥፍ በላይ ስለሚሆን፣ በልምምድ ጊዜ ጥቂት ተኩሶ ጠመንጃውን ማስቀመጥን ያስተምራል፣ ልምምድ የሌለው አዳኝ ደግሞ እንስሳ አቁስሎ ይሰዳል።

ጉድለቶቹንም መናገር ይገባል። ጥይት የሚሞላበት ካዝና ከፕላስቲክ የተሠራ ነው፣ በተለመዱት ጥይቶች የሚይዘውም 3 ብቻ ነው፤ መለዋወጫው ደግሞ ለአንድ ቁራጭ ፕላስቲክ ውድ ነው። ፋብሪካው ለአጭሩም ለረጅሙም ጥይት አንድ ዓይነት አካል ስለሚጠቀም .308 የገዛ ሰው በርዝመትም ሆነ በክብደት የሚያተርፈው ነገር የለም። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ሴፍቲው፣ ማለትም ጠመንጃው ሳይታሰብ እንዳይተኮስ የሚያግደው ቁልፍ፣ ነው። ሴፍቲው ሲቆለፍ ምላጩንም መዝጊያውንም አብሮ ስለሚቆልፍ በጥሻ ውስጥ ሲኬድ መዝጊያው ሳይታሰብ አይከፈትም፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን የጎረሰውን ጥይት ለማውጣት መጀመሪያ ሴፍቲውን መክፈት ግድ ይሆናል። ስለዚህ ጠመንጃው ሲራገፍ አፈሙዙ ማንም ወደሌለበት አፈር መዞር አለበት፣ ጣትም ከምላጩ መራቅ አለበት።

አሁን ወደ ማዘጋጀቱ እንምጣ፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን በጠመንጃው ላይ ጨርሶ እዚህ ላይ ይቸኩላል። መነጽሩ እንደ ጠመንጃው ቀላል መሆን አለበት። ሊዩፖልድ ቪኤክስ ፍሪደም ከ3 እስከ 9 እጥፍ የሚያጎላውና የፊት መስታወቱ 40 ሚሊ ሜትር የሆነው 350 ግራም ገደማ ብቻ ስለሚመዝን ለዚህ ጠመንጃ ልኩ ነው፤ ግማሽ ኪሎ የሚያልፍ መነጽር መጫን ግን ቀላል ጠመንጃ የተገዛበትን ምክንያት ያጠፋል። መነጽሩን የሚይዙት ቀለበቶች ከአሉሚኒየም ቢሆኑ ይበቃል። የብሎኖቹ ቀዳዳዎች በአልኮል ከቅባት ይጸዱ፣ የቀለበቶቹም ብሎኖች በመጠን መለኪያ ባለው መፍቻ ወደ 2 ኒውተን ሜትር ድረስ እየተፈራረቁ ይጠበቁ፤ በክንድ ጉልበት ብቻ የተጠበቀ ብሎን ወይ ይላላል ወይ የመነጽሩን ቱቦ ይጨፈልቃል።

ብሎኖቹ ከመጥበቃቸው በፊት ግን የመነጽሩ ቦታ ይለካል። አዳኙ በአደን ቀን የሚለብሰውን ወፍራም ጃኬት ለብሶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ጠመንጃውን እንደ ልማዱ ወደ ትከሻው ያምጣና ጉንጩን በሰደፉ ላይ ያሳርፍ፤ ዓይኑን ሲገልጥ በመነጽሩ ውስጥ ሙሉ ክብ ምስል ካላየና ዙሪያውን ጥቁር ጥላ ከከበበው መነጽሩ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ መንቀሳቀስ አለበት። ይህንኑ በደረቱ ተኝቶም ይድገመው፣ ተኝቶ ሲተኮስ ዓይን ወደ መነጽሩ ይጠጋልና፤ በዓይንና በመነጽሩ መካከል ስምንት ሴንቲ ሜትር የማይሞላ ክፍተት ካለ ርግጫው ቅንድብን ይፈነክታል። የመስቀሉን መስመር ለማቅናት ደግሞ ክር ላይ ከባድ ብሎን አስሮ ከክፍሉ ማዶ ማንጠልጠል ይበቃል፦ ጠመንጃው ሳያጋድል እንዲቆም ተደርጎ የመነጽሩ ቀጥ ያለ መስመር ከክሩ ጋር እስኪጋጠም መነጽሩ በቀለበቱ ውስጥ ይዞራል። ያዘነበለ መስቀል በቅርብ ርቀት ባይታወቅም በ300 ያርድ ላይ አረሩን ወደ ጎን ይወስደዋል። ምላጩም ከፋብሪካው ሲመጣ ጠንከር ያለ ከሆነ ለመሳብ የሚጠይቀው ጉልበት በካዝናው ቀዳዳ በኩል በሚገባ ትንሽ ቁልፍ ከ2 ኪሎ ግራም እስከ 1 ኪሎ ግራም ገደማ ይስተካከላል፤ በብርድ ወፍራም ጓንት ለሚያጠልቅ አዳኝ መካከለኛውን እመርጣለሁ።

ማነጣጠሪያውን ለማስተካከል በ25 ያርድ መጀመር ጥይት ይቆጥባል። ጠመንጃው ባዶ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ መዝጊያው ወጥቶ ኢላማው በበርሜሉ ውስጥ ይታያል፣ የመነጽሩ መስቀልም ወደዚያው ይመጣል። የዚህ መነጽር ማስተካከያ ሲዞር የሚሰማው አንድ ቀጭታ በ100 ያርድ ላይ ሩብ ኢንች ያህል ያንቀሳቅሳል፤ በ25 ያርድ ላይ ግን ለዚያው ሩብ ኢንች አራት ቀጭታ ያስፈልጋል። ከዚያ ወደ 100 ያርድ ተሻግሮ አረሩ ከመሃል 2 ኢንች፣ ማለትም 5 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ከፍ ብሎ እንዲመታ ይደረጋል። በሰከንድ 860 ሜትር የሚወጣ የ.308 ባለ 150 ግሬን አረር በዚህ አኳኋን 200 ያርድ ላይ መሃሉን ይመታል፣ 300 ያርድ ላይ ደግሞ 22 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይወርዳል። ከዚያ በላይ ርቀት ላይ መተኮስን እኔ አልቀበለውም። ቀጭኑ በርሜል ቶሎ ስለሚግል ከየ3 ጥይቱ በኋላ በእጅ ሲነካ እስኪበርድ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ በአደን ላይ የሚተኮሰው ከቀዝቃዛ በርሜል የሚወጣው የመጀመሪያው ጥይት ስለሆነ ለብቻው ተመዝግቦ መታየት ያለበትም እርሱ ነው።

ተራው ጥቁር ብረት የሆነው ሞዴል በአሜሪካ ሱቆች በአብዛኛው ከ1000 ዶላር በታች ይሸጣል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው እንደ ዜጋው መግዛት ይችላል፤ በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ግን ሕጋዊ የአደን ፈቃድን የመሰለ በሕግ የተፈቀደ ምክንያት ከሌለው የፌዴራል ሕግ ይከለክለዋል። በኮሎራዶ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጥቅምት (ኦክቶበር) ጀምሮ ገዢው ጠመንጃውን ለመረከብ ቢያንስ 3 ቀን ይጠብቃል፤ እ.ኤ.አ. ከጥር (ጃንዋሪ) 1 ቀን 1949 ወዲህ የተወለደ ሁሉ ደግሞ የአደን ፈቃድ ለማውጣት የአዳኞች ትምህርት ማስረጃ ያስፈልገዋል።

ቁመቱ አጠር ያለ ወይም ክንዱ የማይረዝም ሰው ላይቱን ከመግዛቱ በፊት ቲ3ኤክስ ኮምፓክት የተባለውን በትከሻው ላይ ይሞክረው። ሰደፉ አጭር ነው፣ በጀርባው የሚጨመሩ ማስረዘሚያዎችም አሉት፣ በርሜሉም 20 ኢንች ብቻ ነው። ባለትዳሮች በአንድ ጠመንጃ ተራ በተራ ለማደን ካሰቡ ይህ ሞዴል በ7 ሚሊ ሜትር-08 ወይም በ6.5 ክሪድሞር ቢገዛ ለሁለቱም ይሆናል፤ ማስረዘሚያውን ለማስገባትና ለማውጣት አንድ መፍቻ በቂ ነው።