ቱሉ ዲምቱ ያለው የመጽሐፍ ኪራይ ቤት

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ መጽሐፍ የሚከራይበት ቤት አለ ስል ብዙ ሰው ለማመን ይቸገራል። አለ፤ ያውም መሀል ከተማ ከማውቃቸው ትልልቅ መደብሮች የሚበልጥበት ነገር ይዞ። አንድ መጽሐፍ አንብቤ ስጨርስ «አሁን ደግሞ ምን ላንብብ?» ለሚለው ጥያቄ እንደዚህ ቤት አጥጋቢ መልስ የሰጠኝ የለም።

ቤቱ የተለየ ስም የለውም። በቆርቆሮ ላይ በሰማያዊ ቀለም «መጽሐፍ እናከራያለን፣ እንሸጣለን፣ እንጠርዛለን» የሚል ማስታወቂያ ተሰቅሎበታል። ከሕንፃው ሥር ካሉት ሱቆች አንዱ ሲሆን በሴቶች ጸጉር ቤትና በዳቦ ቤት መካከል ነው። ሁለት አልጋ ቢዘረጋበት የሚሞላ ጠባብ ክፍል ነው፤ መደርደሪያው ግን ከወለል እስከ ጣሪያ ይደርሳል፤ ላይኛው ረድፍ የሚወርደው በመሰላል ነው።

እኔ የምሠራው ቃሊቲ አካባቢ በሚገኝ ፋብሪካ ሒሳብ ክፍል ነው። ጠዋትና ማታ በሠራተኞች ሰርቪስ ላይ የማሳልፈው ጊዜ የንባብ ጊዜዬ ነው። ከሰፈራችን ተነስቶ መጽሐፍ ለመግዛት ለገሃር ወይም አራት ኪሎ ደርሶ መመለስ ግማሽ ቀን ይበላል። በ2014 አራት ኪሎ ላይ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት እጅግ የምወደው ቦታ ነው፤ ለእኛ ግን የቅዳሜ ጉዞ እንጂ የአዘቦት ቀን መንገድ አይደለም። የመጽሐፍ ዋጋም ከወረቀቱ ጋር አብሮ ንሯል። ከወር ደመወዝ ላይ ተቀንሶ የተገዛ መጽሐፍ ሃያኛው ገጽ ላይ ሲሰለች ያናድዳል። ስለዚህ ለእኔ ዓይነቱ አንባቢ መጽሐፍ ከመግዛት ይልቅ መምረጥ ይከብዳል።

ይህ ቤት ምርጫን የሚያቀልልበት ዘዴ ቀላል ነው። በእያንዳንዱ መጽሐፍ የኋላ ሽፋን ውስጠኛ ገጽ ላይ መስመር የተሰመረበት ወረቀት ተለጥፏል። ወረቀቱ ለሁለት ተከፍሎ በግራ በኩል «ከዚህ በፊት ያነበብኩት»፣ በቀኝ በኩል «ከዚህ ቀጥሎ ያነበብኩት» ይላል። መጽሐፉን የሚመልስ ሰው ግራውን ይሞላል። ቀኙን የሚሞላው ቀጣዩን መጽሐፍ አንብቦ ሲመጣ ነው፤ ባለቤቱ የፊተኛውን ከመደርደሪያ አውርደው ያስጽፉታል። ስም አይጻፍም። ደስ ያለው ሰው ለምን እንደመረጠው አንድ ዓረፍተ ነገር ያክላል። አንዳንዱ በእስክሪብቶ፣ አንዳንዱ በእርሳስ፣ አንዳንዱ የተማሪ ጽሕፈት በሚመስል ድቡልቡል ፊደል ነው። በሰፈሩ የሚኖረውም፣ ከቂሊንጦ ከሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚመጣው ተማሪም፣ የዳቦ ቤቱ ሠራተኛም እዚያ ወረቀት ላይ ይገናኛሉ።

እኔ መጀመሪያ የተከተልኩት ዱካ «ፍቅር እስከ መቃብር» ጀርባ ላይ ያገኘሁትን ነው። የሐዲስ አለማየሁን መጽሐፍ በ1958 ከታተመ ወዲህ ያነበበው ብዙ ነው፤ ያላነበበውም በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሰምቶታል። እኔ ያነበብኩት ተማሪ ሳለሁ ነበርና ደግሜ ላነበው ተከራየሁት። ስጨርስ ወረቀቱን ገለጥኩ። በቀኝ በኩል የተጻፉት አብዛኞቹ ሌሎች የፍቅር ልብ ወለዶች ናቸው፤ የሚጠበቅ ነው። አንድ ሰው ግን በእርሳስ፣ በደቃቅ ጽሕፈት፣ «ሰብለ ወንጌል ከቤቷ ወጥታ መንገድ ከጀመረች በኋላ ያለውን ክፍል የወደደ ጦቢያን ያንብብ» ብሏል።

አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ሮም ያሳተሙት ይህ ትንሽ መጽሐፍ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ መሆኑን ሁላችንም ተምረናል። ርዕሱን፣ ዓመቱንና የደራሲውን ስም ለፈተና ሸምድደን ወደ ሌላ ምዕራፍ አልፈናል። የሚነበብ ታሪክ መሆኑን የነገረኝ አስተማሪ አላስታውስም። ሰርቪሱ ውስጥ ሆኜ ሳነበው ግን ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ወንድሟን ፍለጋ ስትወጣ ከእሷ ጋር ወጣሁ። አማርኛው አሁን የማንናገረው አማርኛ ነው፤ ጥቂት ገጽ ከታገሡት በኋላ ግን ጆሮ ይለምደዋል፣ ከዚያም አይለቅም። ፍቅር አለበት፣ ጉዞ አለበት፣ እንደ ተረት የሚያስደንቅ አጋጣሚም አለበት። የፍቅር፣ የጉዞ፣ የምናብ እያሉ መደርደሪያ የሚለዩ መደብሮች ይህን የት ሊያስቀምጡት ነው? ልብ ወለዳችን ሲጀመር ሦስቱንም በአንድ ጉያ ይዞ ነው የተነሳው። የማላውቀው ሰው በእርሳስ ባይጽፍልኝ ኖሮ በፍቅር መጽሐፍ ላይ ሌላ የፍቅር መጽሐፍ እየደረብኩ እቀጥል ነበር።

ጦቢያን ስመልስ የጉዞ መጽሐፍ አማረኝ። «ጋሼ፣ የጉዞ መጽሐፍ የት በኩል ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። «ለብቻው የለም ልጄ፤ ታሪክ ውስጥ ነው ያለው። እዚያ ፈልጊው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የእኛ የጉዞ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ታሪክ ተብሎ ይደረደራል፤ የጉዞ ወዳጅም ሳያየው ያልፋል። ሳማክራቸው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሉ ጃፓን ደርሰው ሲመለሱ የጻፉትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን ነገሩኝ። የታተመው በ1924 ነው። እርሳቸው ጋ ቅጂው የለም። የሌላቸውን ትተው ያላቸውን ሊያስይዙኝ ይችሉ ነበር፤ እርሳቸው ግን «ወመዘክር ሄደሽ እዚያው ቁጭ ብለሽ አንብቢው» ብለው ርዕሱን በቁራጭ ወረቀት ጽፈው ሰጡኝ። ገንዘብ የማያገኙበትን መጽሐፍ የሚጠቁም ነጋዴ ስንት ጊዜ ያጋጥማል? እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ምክራቸውን ያለ ጥርጣሬ እቀበላለሁ።

ስለ ግጥም ያላቸው ደንብ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ልቤን የነካው ነው። ማንኛውም መጽሐፍ ለአንድ ሳምንት 20 ብር ነው። የግጥም መድብል ግን በዚያው 20 ብር ለአንድ ወር ይሰጣል። ምክንያቱን ስጠይቅ «ግጥም ይደገማል እንጂ አያልቅም፤ በሳምንት የሚመልሰው ሰው ገና አላነበበውም» አሉኝ። የጸጋዬ ገብረ መድኅንን «እሳት ወይ አበባ» የወሰድኩት በዚህ መልክ ነው። በ1966 የታተመ መጽሐፍ ነው። እኔ ጸጋዬን የምፈራ አንባቢ ነበርኩ፤ ቃላቱ ከብደውኝ ሁለት ሦስት ግጥም አንብቤ እዘጋው ነበር። አንድ ወር ሲሰጠኝ ግን የቸኮለ ልቤ ረጋ። ጠዋት አንዱን አነባለሁ፤ ማታ ስመለስ ያንኑ እደግማለሁ። ጠዋት የተዘጋብኝ ስንኝ ማታ ይከፈታል። ጀርባው ላይ ካለው ወረቀት ደግሞ ወደ ገብረ ክርስቶስ ደስታ «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» ተመራሁ፤ በሠዓሊነቱ የማውቀውን፣ በ1973 በስደት አሜሪካ ያረፈውን ሰው በግጥሙ አገኘሁት። የጉዞ መጽሐፍ ፈላጊ ሁሉ ይህንን መድብል ቢያነብ እላለሁ። ከሀገር መራቅን የሚያህል ጉዞ የለምና።

የቤቱ ደካማ ጎን የምናባዊ ልብ ወለድ ነው። ልጄ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ የምትወደው ክንፍ ያለው ፈረስ፣ የተደበቀ መንግሥት፣ በድግምት የሚከፈት በር ነው። ለእሷ የሚሆነው አንድ ረድፍ ብቻ ሲሆን የሚበዛውም እንግሊዝኛ ነው። ከአማርኛው በብዛት የሚወጣው የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ነው፤ የጣና ገዳማትን ከረቀቀ ሳይንስና ከስለላ ጋር ያገናኘ ታሪክ ስለሆነ ልጆቹ ይሻሙበታል። ወረቀቱ ሞልቶ ሁለተኛ ተቀጥሎለታል፤ ያም ሞልቶ ሦስተኛ ተጀምሯል። የቀኙ ዓምድ ግን ያሳዝናል፤ ብዙዎቹ «ሌላ እንደዚህ ያለ አጣሁ» ብለው ጽፈዋል። ይህ የባለቤቱ ጥፋት አይደለም። ዛር፣ ጅብ የሚሆን ሰው፣ በሌሊት የሚናገር ሐይቅ በየቤቱ ሲወራ ባደግንበት ሀገር ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ የሚሆን የምናብ ልብ ወለድ በአማርኛ መጥፋቱ ያስቆጨኛል። የሚጽፍ ካለ በዚህ ሰፈር ብቻ ሦስት ገጽ ሙሉ አንባቢ ተሰልፎ እየጠበቀው ነው።

ስለ ጥረዛው ካልተናገርኩ ግማሹን ማስቀረት ይሆንብኛል። ባለቤቱ ዕድሜያቸውን በማተሚያ ቤት በጠራዥነት የጨረሱ ሰው ናቸው። ነቢይ መኰንን እስር ቤት ሆነው በሲጋራ ወረቀት ላይ የተረጎሙት «ነገም ሌላ ቀን ነው» እቤቴ ነበረ፤ ወፍራም ስለሆነ ጀርባው ተሰንጥቆ ገጾቹ ይረግፉ ነበር። በዚያ ዓይነት መከራ የተተረጎመ ሥራ እጄ ላይ ሲበታተን ማየት ስለከበደኝ ወሰድኩላቸው፤ ሲሠሩትም ቆሜ አየሁ። ሽፋኑን ሳይቀዱ ገነጠሉ። የደረቀውን ኮላ በቢላ ጀርባ ፋቁ። ገጾቹን በጣታቸው ዳር እየቆጠሩ ካስተካከሉ በኋላ በወስፌ በሱና በሰም በታሸ ክር ሰፉ፤ ክሩን በጎተቱ ቁጥር ወረቀቱ እንዳይቀደድ በአውራ ጣታቸው ይደግፋሉ። ጀርባው ላይ አቡጀዲ በኮላ ለጠፉ፣ በሁለት ጣውላ መካከል አድርገው ድንጋይ ጫኑበት። በማግስቱ ስወስደው እንደ ልብ ይዘረጋል፤ ሰርቪስ ውስጥ በአንድ እጅ ይዤ አነበዋለሁ። ለዚህ ሁሉ የተቀበሉኝ 150 ብር ነው። በፎቶ ኮፒ የተባዛ መጽሐፍ ግን አይጠርዙም፣ አይገዙም፣ አያከራዩም። ደራሲውን መስረቅ ነው ብለው ያምናሉ፤ ሲናገሩም ድምፃቸው ይለወጣል።

ቅሬታ አለኝ። የመጀመሪያው ወረቀቱ ላይ የታሪኩን መጨረሻ የሚጽፉ ሰዎች ጉዳይ ነው። በአንድ የፍቅር ልብ ወለድ ጀርባ ላይ አንዱ «አትልፉ፣ አይጋቡም» ብሎ ጽፎ አገኘሁ፤ ገና ምዕራፍ ሁለት ላይ ነበርኩ። ለባለቤቱ ስነግራቸው ነጭ ወረቀት ለጠፉበት፤ ሆኖም ሁሉንም እየተከታተሉ ማንበብ አይችሉም። ሲያስጽፉ አስቀድመው ቢያሳስቡ ይሻላል። ሁለተኛው መያዣው ነው። ለአንድ መጽሐፍ 200 ብር ይያዛል፤ ሲመለስ ሳይጎድል ይመለሳል፤ ቢሆንም ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከባድ ነው። የተማሪ መታወቂያ ቢበቃ ኖሮ ብዙ ልጆች ይገቡ ነበር። መጽሐፍ ጠፍቶባቸው እንደሚያውቅ ነግረውኛል፣ ስጋታቸው ይገባኛል፤ ሐሳቤ ግን አልተለወጠም። ሦስተኛ፣ የመጻሕፍቱ ዝርዝር በመዝገብ አልተያዘም። አንድ ርዕስ ይኑር አይኑር የሚያውቁት እርሳቸው ብቻ ናቸው፤ እርሳቸው ለምሳ ሲወጡ የሚቀመጠው ልጅ «አላውቅም» ይላል። ወረቀቱ ላይ ያለው ዱካ ወደ አንድ መጽሐፍ ሲመራና መጽሐፉ መኖሩ ሳይታወቅ ሲቀር ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

መሄድ ለሚፈልግ፦ ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ወደ ኮንዶሚኒየሙ የሚገባ ባጃጅ ይዞ የዳቦ ቤቱ ጋ መውረድ ነው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ክፍት ነው፤ ሰኞ ዝግ ነው። መብራት በሚጠፋበት ምሽት ቀደም ብለው ይዘጋሉ፤ ከሥራ የሚመለስ ሰው ይህን አስቦ ቢሄድ ይሻላል። የመጀመሪያ ቀን የሄደ ሰው መደርደሪያ ሲቃኝ አይድከም፤ በቅርቡ አንብቦ የወደደውን አንድ መጽሐፍ ይጥራና ቅጂው ካለ ጀርባውን ገልጦ ይመልከት። የጉዞ ማስታወሻ ወይም የተተረጎመ የምናብ ልብ ወለድ እቤቱ አቧራ የጠጣበት ሰው ካለ ደግሞ ይዞላቸው ይሂድ። ያገለገለ መጽሐፍ ይገዛሉ፤ ገንዘብ ለማይፈልግም በምትኩ ነጻ ኪራይ ይሰጣሉ።