የሺህ ዶላሩ ማሽን በጅማ ቀይ አፈር ላይ

ውድ የብረት መፈለጊያ ልግዛ ወይ ለሚለኝ ሰው መልሴ አጭር ነው። ሥራህ ወርቅ ፍለጋ ካልሆነ ይቅርብህ። ቅዳሜና እሁድን ለማሳለፍ ከሆነ ርካሹ ይበቃሃል። ይህን የምለው ውዱን ሳልሞክር አይደለም። ከአንዱ ክረምት እስከ ቀጣዩ ጅማንና ዙሪያዋን ይዤው ዞሬያለሁ። ማሽኑ አሪፍ ነው፤ አልዋሽም። አልዋጥልህ ያለኝ ዋጋው ነው።

ቤቴ ሁለት አሉ። የቆየው ጋሬት ኤስ 250 ነው። በአንድ ፍሪኩዌንሲ ብቻ፣ በ6.5 ኪሎኸርዝ ይሠራል። የሚፈልገው አራት ትንንሽ ባትሪ ድንጋይ ነው፤ እሱም ከየትኛውም ሱቅ አይጠፋም። አዲሱ ከሺህ ዶላር በላይ ከሚጠየቅባቸው አንዱ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ማስታወቂያም ስም ማጥፋትም እንዳይሆንብኝ። በአንድ ጊዜ በብዙ ፍሪኩዌንሲ ከሚሠሩት፣ ውሃ ከማይገባቸው፣ ገመድ አልባ ሄድፎን ካላቸው መደብ ነው።

ዋጋውን በብር እናስበው። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲመራ ከመደረጉ በፊት ሺህ ዶላር በባንክ 57 ሺህ ብር ገደማ ነበር። ዛሬ ከመቶ ሺህ በብዙ ያልፋል። ከውጭ የሚያመጣልህ ዘመድ ከሌለህ ማስመጫው አለ፣ የጉምሩኩ ጣጣ አለ። እንግዲህ ይህ ሁሉ ብር መሬት ውስጥ ምን ጨመረልኝ?

መጀመሪያ ጥሩውን ልናገር። ጅማ ላይ ማሽን የሚፈትነው አፈሩ ነው። አፈራችን ቀይ የሆነው በውስጡ ባለው የብረት ኦክሳይድ ነው። ማሽኑ ከዘንጉ ጫፍ ባለው ክብ ሳህን፣ ኮይል በሚሉት በኩል መግነጢሳዊ መስክ ወደ መሬት ይልካል። ብረታ ብረት ካለ መልስ ይመጣል። ጣጣው አፈሩም መልስ መስጠቱ ነው። ኤስ 250ን ማና ወረዳ የአጎቴ የቡና መሬት ላይ ስትይዘው ሐሙስ ገበያ መሃል ቆመህ ስልክ እንደማናገር ነው። ኮይሉን ትንሽ ከፍ ዝቅ ባደረግህ ቁጥር ይንጫጫል። የአፈሩን ድምፅ የሚቀንስበት ማስተካከያ ከፋብሪካ ተወስኖ የመጣ ነው፤ አንተ የምትነካው ነገር የለም። ያለህ አማራጭ ሴንሲቲቪቲውን፣ ማለትም የጆሮውን ስለት፣ ዝቅ ማድረግ ነው። ያኔ ዝም ይላል፤ ጥልቀቱም አብሮ ይቀንሳል።

አዲሱ ላይ ግራውንድ ባላንስ የሚሉት አለ። አንድ ቁልፍ ተጭነህ ይዘህ፣ ኮይሉን መሬቱ ላይ ጥቂት ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች ታንቀሳቅሳለህ። አፈሩን ይለምደዋል። ከዚያ ጸጥታ ነው። መጀመሪያ ሳደርገው የጠፋ መስሎኝ ስክሪኑን አይቻለሁ። ከአንድ ትልቅ የዋንዛ ዛፍ ሥር ጥርት ያለ፣ ከፍ ያለ ድምፅ ሰጠኝ። ከሁለቱም አቅጣጫ ብዞርበት ስክሪኑ ላይ የብረቱን ዓይነት የሚጠቁመው ቁጥር አልተለወጠም። ከእጄ አንጓ እስከ ጣቴ ጫፍ የሚሆን ብቆፍር ጠርዙ እንደ አበባ ቅጠል የተሸረፈ የመዳብ ሳንቲም ወጣ። አፈሩን በአውራ ጣቴ ስጠርገው የጃንሆይ ራስ፣ ከሥሩ ፲፱፻፴፮ የሚል። ሃያ አምስት ሳንቲም ነው፣ ስሙኒ። መጀመሪያ ክብ ነበር። ሰዎች በብር እየለበጡ ሃምሳ ሳንቲም ነው እያሉ ሲያሳልፉት ጊዜ ነው ጠርዙን የሸረፉት። አጎቴ አገላብጠው አዩትና «ይህን ያህል ማሽን ለስሙኒ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

በማግስቱ ያንኑ ቦታ በኤስ 250 ሞከርኩት። ሳንቲሙን ጉድጓዱ ውስጥ መልሼ አፈር አለበስኩት። ሰማው። ድምፁ ደካማ ነው፣ እየተቆራረጠ ነው፣ ግን ሰማው። ቀስ ብሎ የሚሄድ፣ ጆሮው የለመደ ሰው አይስተውም። የሚቸኩል ያልፈዋል። ለእኔ ልዩነቱ ይህ ነው። ውዱ ማሽን ድካም ይቀንሳል፤ ሳንቲሙን ግን ርካሹም አያጣውም።

ሻጮች በጥልቀት ነው የሚያማልሉት። «እጥፍ ይወርዳል» ይላሉ። ነገሩ እንዲህ አይሠራም። ዕቃው ከኮይሉ በራቀ ቁጥር የሚመለሰው ሲግናል በርቀቱ ስድስተኛ ፓወር ገደማ ይወርዳል። ጥልቀቱን እጥፍ ለማድረግ 64 እጥፍ ሲግናል ያስፈልጋል ማለት ነው። ሲግናሉን እጥፍ ብታደርገው የምታተርፈው ጥልቀት ወደ 12 ከመቶ ነው። 20 ሳንቲ ሜትር ላይ የሚሰማ ማሽን 22 ላይ ይሰማል። ለዚህች ለሁለት ሳንቲ ሜትር ነው እንግዲህ ያ ሁሉ ብር። ትልቅ ኮይል ይጨምራል፣ ልክ ነው። ግን ትልቅ ኮይል ትንንሹን ነገር ይስታል፤ ክንድም ይገድላል።

ከተማ ውስጥ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ የአንድ ወዳጄ ሰፊ ግቢ አለ። አጥሩ ቆርቆሮ ነው። ጣሪያው ስንቴ እንደተቀየረ እግዜር ይወቅ፤ በተቀየረ ቁጥር የጣሪያ ሚስማር መሬት ላይ ቀርቷል። በላይ የመብራት ሽቦ ያልፋል። አዲሱ ማሽን እዚያ ሲገባ ያብዳል። ጆሮው ስል ስለሆነ የመብራቱንም፣ የዋይፋዩንም፣ የአጥሩንም ይሰማል። ሴንሲቲቪቲውን ከግማሽ በታች ካላወረድኩት አላሠራ አለኝ። ግማሹን ከዘጋሁት ታዲያ ምን ቀረ? ኤስ 250 ግን ጆሮው ደነዝ ስለሆነ ከአጥሩ ራቅ ካልኩ ሥራውን ይሠራል። እዚህ ላይ ግራሃም ቤል ትዝ ይለኛል፤ የስልኩ። በ1881 በፈረንጆቹ፣ የአሜሪካው ፕሬዝዳንት ጋርፊልድ በጥይት ሲመቱ ጥይቱን በሰውነታቸው ውስጥ የሚያገኝ መሣሪያ ሠርቶ ሄደ። አላገኘውም። አንዱ ምክንያት ፕሬዝዳንቱ የተኙበት ፍራሽ የብረት ስፕሪንግ ነበረው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተሻሽሏል፤ የአካባቢው ብረት ግን ዛሬም አስቸጋሪ ነው።

ሌላው የሚወደስለት ብረትን ከሌላው መለየቱ ነው። ቁጥር ይሰጥሃል፤ ይህ ሚስማር ነው፣ ይህ መዳብ ነው ይልሃል። ይረዳል። ግን የእኛ አገር ሳንቲም ያሾፍበታል። የድሮዎቹ ሳንቲሞች መዳብና ነሐስ ናቸው፤ ጥርት ብለው ይናገራሉ። የኋለኞቹ ብረት ላይ የተለበጡ ናቸው። ማግኔት አስጠጉና እዩት፣ ይለጠፋል። ስለዚህ ብረት አትንገረኝ ብለህ ከዘጋኸው እነሱንም ይዘጋቸዋል። ካልዘጋኸው የቢራ ቆርኪ ሁሉ ይጮህብሃል። ሺህ ዶላር የከፈልክበት ማሽን ቆርኪና አሥር ሳንቲም ሲያምታታብህ ትንሽ ያናድዳል።

ወርቅ ቀለበትም እንዲሁ ነው። ጎረቤታችን እትዬ የጋብቻ ቀለበታቸው ጓሮ ጎመን ሲቀጥፉ ወደቀባቸው። «የኔ ልጅ፣ ያ ማሽንህ ለዚህ ካልሆነ ለምን ሊሆን ነው?» አሉኝ። የወርቅ ቀለበት የሚሰጠው ቁጥር ከአሉሚኒየም ጋር ይቀራረባል። ጓሮው ደግሞ በኪኒን ማሸጊያ የተሞላ ነው። ስለዚህ ምርጫ የለም፤ የጮኸውን ሁሉ ማንሳት ነው። ያነሳሁት የኪኒን ልጣጭ ለአንድ ክሊኒክ ይበቃል። ቀለበቱ የተገኘው ጎመኑ ሥር፣ አፈር እንኳ በደንብ ሳይለብስ ነው። ያገኘው ኤስ 250 ነው። አዲሱን ቻርጅ ላይ ሰክቼው ነበር። የጠፋ ቀለበት አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ከላይ ነው የሚገኘው፤ ጥልቀት ምን ያደርግለታል?

ሰፈር ውስጥ ልጆች ባዩኝ ቁጥር «ጋሼ፣ ወርቅ ወጣ?» ይላሉ። ትልልቆቹም ይጠይቃሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ወርቅ ያለው አሶሳ ነው፣ ዲማ ነው፣ ሻኪሶ ነው። እዚያም ቢሆን በውሃ የሚታጠበው ዱቄት ወርቅ በማሽን አይሰማም። ማሽን የሚያገኘው እንክብሉን ነው። ለእሱ በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ የሚሠሩ አሉ። እንደ ማይንላብ ጎልድ ሞንስተር 1000 ያለው በ45 ኪሎኸርዝ ይሠራል። ማዕድን የበዛበትን አፈር የሚችሉት ፐልስ የሚባሉት ደግሞ ከ5 ሺህ ዶላር በላይ የሚጠየቅባቸው አሉ። ያ ፈቃድ የሚጠይቅ ቢዝነስ ነው። ከሆቢ ጋር ባንቀላቅለው ጥሩ ነው።

ከባለ አንቴናዎቹ «ወርቅ መፈለጊያዎች» ግን እግዚአብሔር ይጠብቃችሁ። ቴሌግራም ላይ ይሸጣሉ። ሽጉጥ የሚመስል እጀታ፣ ከፊቱ የሚወዛወዝ ዘንግ። «መቶ ሜትር ርቀት ላይ ወርቅ ያሳያል» ይላሉ። ምንም አያሳይም። ጄምስ ማኮርሚክ የሚባል እንግሊዛዊ እንዲህ ያለውን ፈንጂ ያገኛል እያለ ለኢራቅ ሸጦ በ2013 እ.ኤ.አ. የ10 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል። የመሣሪያው መነሻ የጎልፍ ኳስ መፈለጊያ ተብሎ የሚሸጥ መጫወቻ ነበር። እኔ የማወራው መሬቱ ላይ ኮይል ስለሚያስኬድ ማሽን ነው። በሁለቱ መሃል ዘመድነት የለም።

«ጅሬን ሂድ፣ የአባ ጅፋር ብር እዚያ ነው» የሚሉኝም አሉ፤ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበትን ማለታቸው ነው። አልሄድም። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈርን ይከለክላል። ድንገት ያገኘም ወዲያው ማሳወቅ አለበት። ስለዚህ የምሄደው ባለቤቱ ወደፈቀደልኝ ጓሮና እርሻ ነው። ሌላም ነገር አለ። ጣሊያን ጅማን የለቀቀው በሰኔ 1933 ነው፤ ቀለሃ ዛሬም ይወጣል። ቀለሃው ባዶ ነው፤ ችግር የለውም። ሰፊና ከባድ የብረት ድምፅ ስሰማ ግን ያልፈነዳ ፈንጂ እንዳይሆን ብዬ መቆፈሪያዬን አነሳና እሄዳለሁ። የሚታይ ነገር ካለ ለፖሊስ ነው የምናገረው።

ስለ ጥንካሬው ላንሳ። ውሃ አይገባውም ያሉት እውነት ነው። አዌቱ ዳር ጭቃ ውስጥ አስገብቼው ታጥቦ ወጥቷል። ክብደቱ ለክንድ ተስማሚ ነው። የቻርጀሩ ገመድ ግን የራሱ ዓይነት ነው፤ የስልክ ገመድ አይሰካበትም። እሱ ሲበላሽብኝ ማሽኑ ሌላ እስኪመጣ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከረመ። ጅማ ውስጥ ስልክ የሚጠግኑት ልጆች ጎበዞች ናቸው፤ ይህን ግን አይተው መለሱልኝ። ሄድፎኑም አንዱ ጆሮው ሞቷል። የሸጠልኝ ሰው ዋስትና አለው ብሎ ነበር፤ ዋስትናው የሚሠራው እዚያው በተገዛበት አገር ሆኖ ተገኘ። ኤስ 250 በዚህ ሁሉ ጊዜ የጠየቀኝ ባትሪ ድንጋይ ብቻ ነው።

ለአዲስ ጀማሪ የምለው ይህ ነው። ርካሹ ይበቃሃል፤ ጩኸቱ ከሰለቸህ ግን መካከለኛ ዋጋ ያላቸው፣ ግራውንድ ባላንሱን ራስህ የምታስተካክልባቸው ማሽኖች አሉ። ለቀይ አፈር ከነሱ አንዱ ይበቃል። ከውዱ ጋር ባለው የዋጋ ልዩነት ፒንፖይንተር የሚሉትን በእጅ የሚያዝ ትንሽ መፈለጊያ ግዛ፤ ጉድጓዱ ውስጥ ዕቃው የትኛው ጭብጥ አፈር ላይ እንዳለ በሰከንድ ይነግርሃል። ትንሽ ኮይልም ጨምር፤ ሚስማር በበዛበት ግቢ ከየትኛውም ውድ ማሽን ይሻላል። የኮይል መሸፈኛም አትርሳ። የእኔ ያለ መሸፈኛ የመጣ ነው፤ የቡና ጉቶ የኮይሉን ሥር ጭሮ ጨርሶታል።