የታደሰ ባትሪ «አዲስ ነው» እየተባለ እየተሸጠ ነው፤ ትራክተርና መኪና ያላችሁ ተጠንቀቁ

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ትራክተር፣ አይሱዙ፣ ሚኒባስ ወይም ባጃጅ ያላችሁ ሰዎች ይቺን ሳታነቡ ባትሪ እንዳትገዙ። የሞተ ባትሪ ታጥቦ፣ ተወልውሎ፣ አዲስ ስቲከር ተለጥፎበት በአዲስ ስም እየተሸጠ ነው። ገንዘባችሁ መበላቱ አንድ ነገር ነው። የባሰው ግን እንዲህ ያለው ባትሪ ይፈነዳል። ለማስፈራራት አይደለም፤ የአጎቴ ትራክተር ላይ ፈንድቷል።

አጎቴ ጅሩ ነው የሚያርሰው። የራሱን መሬት ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱንም በኪራይ ያርሳል፣ ስለዚህ በእርሻ ሰሞን ትራክተሩ አንድ ቀን ከቆመ ኪሳራው ብዙ ነው። ባትሪው ሲሞትበት ከተማ ሄደ። የሱቁን ስም እዚህ አልጠራም፣ ጉዳዩ ገና አላለቀም። ሻጩ ልጅ ትህትናው ለጉድ ነው። «አባባ፣ ይሄ ደረቅ ባትሪ ነው፣ ውሃም አይፈልግም፣ ገና ከካርቶን መውጣቱ ነው» ይለዋል። ከዚያ ቁራጭ ሽቦ አንስቶ ሁለቱን ጫፎች ያነካካቸዋል። ፍንጣሪው ቧ ብሎ ይወጣል። «አዩልኝ ጉልበቱን?» አጎቴም አየ፣ ከፈለ፣ አሮጌውን እዚያው ትቶ መጣ። ዋጋው ሌላ ቦታ ከጠየቀው በደንብ የረከሰ ነበር። ደረሰኝ ሲል «ማሽኑ ተበላሽቷል» ተብሎ በእጅ የተጻፈች ብጣሽ ወረቀት ሰጡት።

ባትሪው ትንሽ ሠራ። አንድ ጠዋት ኦፕሬተሩ ቁልፉን ሲያዞር፣ ሞተር የሚያስነሳው ሞተሪኖ ገና ዞር ከማለቱ፣ እንደ ጥይት ጮኸ። የባትሪው ክዳን ተገንጥሎ ሄደ፣ አሲዱ ዙሪያውን ተረጨ። ኦፕሬተሩ ወንበሩ ላይ ስለነበር ምንም አልሆነም። ከጎን ቆሞ የነበረው ረዳት ግን ጃኬቱ ተበሳስቶ ቀረ፣ ጉንጩንም ነካው። እግዜር ሲያወጣው ሞተሩ ላይ የሚጨመር ውሃ በጀሪካን ተቀምጦ ነበር፣ ወዲያው አፈሰሱበት።

ሰፈር ውስጥ «የሰው ዓይን ነው» ያሉ አልጠፉም። ዓይን አይደለም፣ ሃይድሮጂን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለ 12 ቮልት ባትሪ ውስጡ ስድስት ክፍል አለው፣ እያንዳንዱ ሲሞላ 2.1 ቮልት ገደማ ይሰጣል። ውስጡ የእርሳስ ሳህኖችና በውሃ የተበረዘ ሰልፈሪክ አሲድ ነው። ቻርጅ ሲደረግ፣ በተለይ ሞልቶ ሳለ ሲቀጥል፣ ውሃው ወደ ሃይድሮጂንና ኦክስጅን ጋዝ ይለወጣል። ሃይድሮጂን ደግሞ አየር ውስጥ 4 በመቶ ብቻ ከደረሰ በቂ ነው፣ ትንሽ ፍንጣሪ ታቀጣጥለዋለች። ጤነኛ ባትሪ ጋዙን በመተንፈሻው እያስወጣ ይኖራል። ችግሩ የሚመጣው መተንፈሻው ሲደፈን፣ ውሃው ጎድሎ ከላይ ባዶው ቦታ በጋዝ ሲሞላ፣ ወይም ውስጥ የላላ ነገር ሲኖር ነው። ሞተር ስታስነሱ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር በአንድ ጊዜ ይሳባል። ውስጥ በደንብ ያልተያያዘ ነገር ካለ እዚያው ይፈነጥራል። ሌላ እሳት አያስፈልገውም።

ደብረ ብርሃን የመኪና ኤሌክትሪሻን የሆነ ወዳጄ የአጎቴን ባትሪ ስብርባሪ ገልብጦ አየው። አንዱን ክፍል ከሌላው የሚያገናኘው እርሳስ ተቆርጦ እንደገና የተበየደ ነበር፣ ብየዳውም የይድረስ ይድረስ። ሳህኖቹ ግማሽ ድረስ ደርቀዋል። መተንፈሻ ቀዳዳው በማጣበቂያ ተደፍኗል፣ ምናልባት አሲዱ እንዳያንጠባጥብና ገዢው እንዳይነቃ። ስቲከሩን ሲልጠው ከስር የሌላ ድርጅት ስም ወጣ። እንግዲህ ይሄን ነው «ገና ከካርቶን የወጣ» ያሉት።

ስለዚያ የፍንጣሪ ትርዒት ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም በየቦታው ይደረጋል። ሁለቱን ጫፍ በሽቦ ወይም በካቻቪቴ ማነካካት የባትሪን ጤንነት አያሳይም። ሊሞት አንድ ሐሙስ የቀረው ባትሪም ቻርጅ ከተደረገ ለአፍታ ይፈነጥራል። የሚያሳያችሁ አንድ ነገር ቢኖር ሻጩ ለዓይናችሁ ግድ እንደሌለው ነው። ገና ከቻርጀር የወረደ ባትሪ ላይ ጋዙ አልወጣም፣ ፍንጣሪው ደግሞ ከመተንፈሻው በስንዝር ርቀት ነው የሚፈጠረው። ሻጭ ሽቦ ሲያነሳ ካያችሁ ከሱቁ ውጡ። ገበያ ላይ ሌላ ሱቅ አይጠፋም።

ታዲያ እንዴት ይለያል? መጀመሪያ ጫፎቹን እዩ። አዲስ ባትሪ ላይ ገመድ ታስሮበት ስለማያውቅ ጫፉ ጭረት የለውም። በብርጭቆ ወረቀት ተፈግፍጎ ያብለጨለጨ፣ ወይም እርሳስ ተጨምሮበት የተጠጋጋ ከሆነ ጠርጥሩ። የክዳኑን ዙሪያ በጥፍራችሁ ዳስሱት፣ ተከፍቶ የተለጠፈ ከሆነ መስመሩ ይሻክራል። የተመረተበትን ጊዜ የሚናገር፣ በፕላስቲኩ ላይ ወይም በጫፉ ላይ የታተመ ኮድ አለ፣ ሻጩ እንዲያነብላችሁ ጠይቁ። ኮዱ ከተፋቀ ለምን እንደተፋቀ አይጠፋችሁም። ክብደቱንም አትናቁት። 100 አምፔር ሰዓት ተብሎ የተጻፈበት የእርሳስ ባትሪ ከ20 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ እህል ሚዛን ላይ አውጥታችሁ ከቀለለ ውስጡ ሳህን ጎድሎታል ማለት ነው። የታደሰው ግን በክብደት ላይነቃበት ይችላል፣ ስለዚህ ይሄ ብቻውን አይበቃም።

ከዚያ መለኪያ ይምጣ። ሞልቶ ጥቂት ሰዓት ያረፈ ባትሪ 12.6 ቮልት ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ማሳየት አለበት። ግን በዚህ አትታለሉ፣ የታመመውም ሳይሠራ ሲቀመጥ 12.6 ያሳያል። ቁም ነገሩ ሲጫንበት ነው። ሞተር እያስነሳችሁ ለኩት፤ ከ9.6 በታች የሚወርድ ከሆነ አትክፈሉ። ክዳኑ የሚከፈት ዓይነት ከሆነ ደግሞ የአሲድ መለኪያ አስመጡ። መለኪያው አሲዱ ከውሃ ምን ያህል እንደሚከብድ ነው የሚናገረው፤ የሞላ ክፍል 1.265 አካባቢ ያነባል፣ ስድስቱም ተቀራራቢ መሆን አለባቸው። አንዱ ከሌሎቹ በ0.050 ከራቀ ያ ክፍል ሞቷል። ከ1.300 በላይ ካነበበ ደግሞ ውሃ ሲገባው አሲድ ጨምረውበታል፤ ለጊዜው ነፍስ የዘራ ይመስላል እንጂ ሳህኑን ይበላዋል። በደረቁ ባትሪ ላይ ያለችው አረንጓዴ ዓይን ካለች የምትናገረው ስለ አንዱ ክፍል ብቻ ነው። አምስቱ ሞተው እሷ አረንጓዴ ልትሆን ትችላለች።

«ብርዱ ነው የገደለው» የሚል ሻጭም አለ፣ ደብረ ብርሃን ነዋ፣ ያምኑታል። ብርድ የደከመ ባትሪን ያጋልጣል እንጂ ደህናውን በጥቂት ሳምንት አይገድልም። ባትሪን ቶሎ የሚያስረጀው ሙቀት ነው። ከጣርማ በር ቁልቁል ወደ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ የምትመላለሱ ሰዎች የእናንተ ባትሪ ውሃ ቶሎ ይጎድለዋል፣ ቶሎ ቶሎ እዩት። ስታዩት ግን ክብሪት ወይም ላይተር አታብሩ፣ የስልክ መብራት አለላችሁ። የሚጨመረውም የባትሪ ውሃ ነው፣ የተጣራው። ሃይላንድ የሚጨምሩ አይቻለሁ፤ የሚጠጣ ውሃ ማዕድን አለበት፣ ለእናንተ እንጂ ለባትሪ አይሆንም።

ደህና ባትሪ ገዝታችሁም ልታፈነዱት ትችላላችሁ፣ ይሄን ለሹፌሮቻችሁ ንገሩ። ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ ብትለኩ ከ13.8 እስከ 14.4 አካባቢ ነው ጤናው። 15 ካለፈ የቻርጁን ቮልት የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ተበላሽቷል፣ ባትሪው እየፈላ ነው፣ የተበላሸ እንቁላል ዓይነት ሽታ ከመጣ ሞተሩን አጥፉና ራቁ። ከሌላ መኪና ስታስነሱ መጀመሪያ ቮልቱን አረጋግጡ። ብዙ የጭነት መኪና ሁለት ባትሪ አያይዞ 24 ቮልት ነው የሚጠቀመው፣ አብዛኛው ትራክተር ደግሞ 12። ምንጃርም ጅሩም ማሳ ላይ «ይቺን አይሱዙ ጠጋ አድርጓት» እየተባለ የሚደረገው ነገር ባትሪም ሰውም ያበላሻል። ቮልቱ እኩል ከሆነ ቀዩን ገመድ ከሞተው ፖዘቲቭ ወደ ደህናው ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩን ከደህናው ኔጌቲቭ እሰሩ። የመጨረሻውን ጥቁር ጫፍ ግን የሞተው ባትሪ ላይ ሳይሆን ራቅ አድርጋችሁ ባትሪው የሞተበት መኪና ወይም ትራክተር ሞተር ብረት ላይ እሰሩት። መጨረሻ የሚታሰረው ሁሌ ይፈነጥራል፣ ይፈንጥር፣ ግን ከባትሪው ርቆ። ባትሪ ስትፈቱ ኔጌቲቩን አስቀድሙ፣ ስትገጥሙ መጨረሻ አድርጉት። ክረምቱን ሙሉ ትራክተር አቁማችሁ ከሆነ ደግሞ ኔጌቲቩን ፈታችሁ በየወሩ ቻርጅ አስደርጉት፣ አለበለዚያ የሞተ ባትሪ ለማስነሳት የሚደረገው ግፊያና ጉተታ ነው አደጋውን የሚያመጣው።

አሲድ ዓይን ውስጥ ከገባ አትሹት። በብዙ ንጹህ ውሃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ እያፈሰሳችሁ እጠቡ፣ እያጠባችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ። ቤኪንግ ሶዳ ለብረቱና ለመሬቱ ነው፣ ለዓይን አይደለም። ማሳ ላይ ውሃ ስለማይገኝ አንድ ጀሪካን ከትራክተሩ አይለይ።

ሌላው፣ እነዚህ የታደሱት ከየት ይመጣሉ? እኛው ነን የምንሰጣቸው። አዲስ ስትገዙ «አሮጌውን እንቀበላለን» ይላሉ፣ ያው አሮጌ ነው ዞሮ የሚመጣው። አሮጌ ባትሪ መልሶ መግዛት በራሱ ክፋት የለውም፣ እርሳሱ ቀልጦ ይሠራል። ግን ከመስጠታችሁ በፊት በሚስማር ፕላስቲኩ ላይ ትልቅ የኤክስ ምልክት ጫር ጫር አድርጉበት፣ በደንብ እንዲታይ፣ በስቲከር እንዳይሸፈን በሁሉም ጎን። እንዳትበሱት ብቻ።

ደረሰኝ ደግሞ ግድ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይፈቅዳል። በብጣሽ ወረቀት ግን ከማን እንደገዛችሁ እንኳ ማሳየት ይቸግራል። አጎቴ ሱቁ ተመልሶ ሲሄድ «አባባ፣ እኛ ይሄን ባትሪ አናውቀውም» ነው ያሉት፣ ያው ትሁት ልጅ።

ወረዳው ንግድ ጽህፈት ቤት ማመልከቻ አስገብተናል፣ ስብርባሪውንና ከስሩ የወጣውን የድሮ ስም ፎቶ አያይዘን። አንድ ሰው ብቻውን ሲከስ «አያያዙ ነው» ይባላል። እናንተም ከስቲከሩ ስር ሌላ ስም የወጣበት ባትሪ ካላችሁ አትጣሉት፣ ፎቶ አንስታችሁ ከደረሰኙ ጋር ለየወረዳችሁ ንግድ ጽህፈት ቤት አቅርቡ። የአጎቴ ቀጠሮ ገና ነው።