ልጄን ለሜዲካል ስኩል ያበቃችልኝን አማካሪ ላመስግን፣ ለናንተም ልጠቁማችሁ

ሰላም የሲልቨር ስፕሪንግና የአካባቢው ወገኖቼ፣ ይሄን ልጽፍ ካሰብኩ ሰነበትኩ፣ ግን ልጄ ነጩን ጋዋን ለብሳ በአይኔ እስካያት ብዬ ነው የቆየሁት። ኦገስት ላይ ለበሰች፣ ተመስገን!

2023 ከኮሌጅ ስትመረቅ "እማዬ ጋፕ ይር ወስጄ ሜዲካል ስኩሉን ትንሽ አቆየዋለሁ" ስትለኝ እውነቴን ነው እንቅልፍ አጣሁ። እኛ ባደግንበት አገር ማትሪክ ጥሩ ያመጣ ልጅ ቀጥታ ነው ህክምና የሚገባው፣ ቅዳሴ ስንወጣ ሁሉ "ልጅሽ ህክምናው ቀረ እንዴ?" እያሉ ይጠይቁኛል፣ እኔ ደግሞ መልስ የለኝም። ከዛ በፊት አንድ ሌላ አማካሪ ፓኬጅ ነው ብሎ ብዙ ገንዘብ ተቀብሎን ሁለቴ በዙም አውርቶን ስልክ ማንሳት አቆመ፣ ስለዚህ ይቺን እህታችንን ሰው ሲጠቁመኝም ልቤ አላመነም ነበር።

እሷ መጀመሪያ ያናገረችው እኔን ነው። ቤት መጥታ፣ ቡናው እየተፈላ፣ ካላንደሩን ከግድግዳ አውርዳ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና "እርሶ አይስጉ፣ ከመጨረሻው ተነስተን ወደዚህ እንቁጠር" አለችኝ። ልጄ የምትፈልገው ደርማቶሎጂ፣ የቆዳ ህክምና ነው፣ ትንሹ ወንድሟን ኤግዚማ የሚባለው የሚያሳክክ የቆዳ ህመም ሲያሰቃየው ጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ እንደ ነጭ ስለማይታይ ስንት ጊዜ ቀላል ነው ተብለን ተመልሰናል። ደርማቶሎጂ ደግሞ ሬዚደንሲ፣ ማለትም ከሜዲካል ስኩል በኋላ ያለውን የስፔሻሊቲ ስልጠና፣ ለማግኘት በጣም ከሚከብዱት አንዱ ነው፣ ስቴፕ 1 የሚባለው የመጀመሪያው የሀኪምነት ፈቃድ ፈተና ከ2022 ጀምሮ ነጥብ ቀርቶ አለፈ ወደቀ ብቻ ስለሆነ ስቴፕ 2ና ሪሰርች የበለጠ ይታያሉ ብላ አስረዳችኝ፣ ሜዲካል ስኩል ሳይገቡ የተሰራ ሪሰርችም ኋላ ለሬዚደንሲ ሲያመለክቱ ይጻፋል፣ እኔ ይሄን ሰምቼም አላውቅ።

የልጄ እቅድ በዛው ሰመር ኤምካት የሚባለውን የሜዲካል ስኩል መግቢያ ፈተና ተፈትና ወዲያው ማመልከት ነበር። አይሆንም አለቻት። ብዙ ትምህርት ቤቶች ማመልከቻውን እንደደረሳቸው ነው እያዩ የሚጠሩት፣ ሜይ መጨረሻ ለተከፈተ ነገር ሴፕቴምበር ላይ መድረስ ወንበሩ ከተያዘ በኋላ መምጣት ነው። የኤምካት ውጤት ደግሞ አብዛኛው ቦታ ከሁለት ሶስት አመት በላይ ስለማያገለግል ቀድሞ መቸኮልም አያዋጣም።

ከዛ ቤተስዳ ያለው የመንግስት የጤና ምርምር ተቋም፣ ኤንአይኤች፣ ፖስትባክ የሚባል፣ አዲስ ተመራቂዎችን እየከፈለ ላብ ውስጥ የሚያሰራ ፕሮግራም እንዳለው ነገረቻት። "ለሁሉም አንድ አይነት ኢሜይል አትላኪ፣ የእያንዳንዱን ተመራማሪ አንድ ጽሁፍ አንብበሽ ያልገባሽን ጠይቂው" አለቻት፣ ልጄ 23 ኢሜይል ላከች፣ 4 መለሱ፣ አንዱ ወሰዳት። ቅዳሜ ቅዳሜ ክሊኒክ ስክራይብ፣ ማለትም ለሀኪሙ የበሽተኛውን መዝገብ የምትጽፍ፣ ሆነች።

ከማመልከቻው ጋር የሚገባው ድርሰት ላይ ግን ተላቀሱ ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ ስለ ደርማቶሎጂ ነበር፣ አማካሪዋ "መጀመሪያ ሀኪም መሆን እንደምትፈልጊ ይታይ፣ ስፔሻሊቲ እኮ ክሊኒክ ስትገቢ ሊቀየር ይችላል" ብላ ግማሹን ሰረዘችው። ልጄ አኩርፋ ክፍሏ ገባች። በሳምንቱ የጻፈችው ማታ ማታ የወንድሟን እጅ ቫዝሊን ቀብታ፣ እንዳያክከው ካልሲ አልብሳው የምታስተኛውን ነው፣ እኔ ሳነበው አለቀስኩ።

ገንዘብ ላይ ታማኝ ናት፣ በሰአት ብቻ ነው የምታስከፍለው። ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ የክፍያ እርዳታ ፕሮግራም እንዳለ የነገረችን እሷ ናት፣ የኤምካት ዋጋ ይቀንሳል፣ የማመልከቻውም እስከ 20 ትምህርት ቤት ነጻ ነው፣ ግን ኤምካት ሳትመዘገቡ ነው መሞላት ያለበት፣ ከከፈላችሁ በኋላ አይመለስም። አሁን ጋፕ ይር የምታስቡ ደግሞ ብድሩን ጠይቋት፣ ከጁላይ 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ ግራድ ፕላስ የሚባለው የመንግስት ብድር ቀርቶ የፌዴራል ብድር በአመት 50,000 በጠቅላላ 200,000 ዶላር ላይ ይቆማል።

እህቴ፣ ብድርሽን እግዚአብሔር ይክፈልሽ፣ እኔ አልችለውም፣ እድሜና ጤና ይስጥሽ።

ስሟን እዚህ አልጽፍም፣ የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ ስልኳን እልካለሁ። ማታ ነው የምታነሳው፣ ልጁ ራሱ እንዲደውልላት ነው የምትፈልገው፣ ትራንስክሪፕቱን፣ የኮሌጅ ውጤቱን ወረቀት፣ አጠገቡ ያድርግ፣ መጀመሪያ እሱን ነው የምትጠይቀው።