የፐብሜድ የፍለጋ ታሪክ፦ ጠቃሚ፣ ግን ቶሎ የሚጠፋ መዝገብ

የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት በነጻ በሚያቀርበው የሕክምና ጽሑፎች መፈለጊያ ፐብሜድ ላይ ጥናት የሚያስሱ ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ ቃላቸውን ሁሉ በአንድ ሳጥን ውስጥ ያጭቃሉ፤ ውጤቱ ሲበዛባቸው ወይም ሲያንስባቸው ደግሞ ሙሉውን ሰርዘው እንደገና ይተይባሉ። ከዚህ ድካም የሚያሳርፈው የፍለጋ ታሪክ ከሳጥኑ ሥር «አድቫንስድ» የሚለውን ካልተጫኑ በቀር አይታይም፤ የመጀመሪያው ቅሬታዬም ይኸው መደበቁ ነው።

ገጹ እያንዳንዱን ፍለጋ ከተራ ቁጥሩ፣ ከውጤቱ ብዛትና ከሰዓቱ ጋር ይመዘግባል። ካላዛር ስለተባለው ጥገኛ ተሕዋስ የሚያመጣው በሽታ ሕክምና የሚያጠና ሰው የበሽታውን ልዩ ልዩ ስሞች በአንድ ፍለጋ፣ የመድኃኒቶቹን በሌላ፣ ኢትዮጵያንና ሱዳንን ደግሞ በሦስተኛ ለየብቻ ከፈለገ በኋላ የሚቀረው ተራ ቁጥሮቹን በ«ኤንድ» (AND፣ «እና») ማያያዝ ብቻ ነው። የተጣመረው ውጤት ከተጠበቀው በታች ቢያሽቆለቁል፣ ያጠበበው የትኛው ክፍል እንደሆነ ከቁጥሮቹ ወዲያው ይነበባል።

ከሁሉ አብልጬ የምወደው ግን በየፍለጋው ጎን ያለችውን «ዲቴይልስ» የምትባል ትንሽ ቀስት ነው። ስትከፈት ፐብሜድ የጻፍነውን ቃል እንዴት እንደተረዳው ታሳያለች፤ ካላዛር ብለን ስንጠይቀው «ቪሴራል ሊሽማንያሲስ» የተባለውን የበሽታው ሳይንሳዊ ስም፣ ጽሑፎች ከሚመደቡባቸው የሜሽ (MeSH) መደበኛ ርዕሶች አንዱን፣ በራሱ ጨምሮ ይፈልጋል። ቃሉን በትእምርተ ጥቅስ ስናጥረው ይህ ማስፋፊያ እንደሚቀር እኔም በትክክል የገባኝ ሁለቱን ፍለጋዎች እዚህ ጎን ለጎን ካየሁ በኋላ ነው።

ደካማ ጎኑ ዕድሜው ነው። ታሪኩ 8 ሰዓት ሳይነካ ከቆየ ይጠፋል፤ ከ100 ፍለጋ በላይ ሲሆንም አሮጌው እየወጣ ይሄዳል። ማታ መብራት ጠፍቶ ጠዋት በሚመጣበት አገር 8 ሰዓት ምን አላት? አካውንት ከፍቶ የገባ ሰው እንቅስቃሴው እስከ 6 ወር ስለሚቆይለት ይሻላል፤ የቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር የሚጠቀም ግን ከአካውንቱ ሳይወጣ መነሳት የለበትም።

የ2020ው (እ.ኤ.አ.) የፕሪዝማ (PRISMA) የሪፖርት አጻጻፍ መመሪያ፣ በአንድ ጥያቄ ላይ የተሠሩ ጥናቶችን ሁሉ ፈልጎ የሚገመግም ሥርዓታዊ ቅኝት የሚጽፍ ሰው የእያንዳንዱን ዳታቤዝ ሙሉ የፍለጋ ስልት እንዲያቀርብ ይጠይቃል፤ «ቁጥር 3 ከቁጥር 7 ጋር» የሚል ማስታወሻ ደግሞ ታሪኩ ከጠፋ በኋላ ለማንም አይነበብም። ስለዚህ ከወንበር ከመነሳት በፊት «ዳውንሎድ» የሚለውን መጫን ያስፈልጋል፤ በኤክሴል የሚከፈተው ፋይል የተጻፈውን ፍለጋ፣ ፐብሜድ የተረጎመበትን መንገድ፣ የውጤቱን ብዛትና ሰዓቱን አብሮ ይይዛል።