ባለ 100 ሌንስ፦ ስም አልባው አዲስ ወይስ ያገለገለው ኦሪጅናል?

ከድሬዳዋው ሳቢያንም ከሐረርም የላብራቶሪ ባልደረቦቼ ሲደውሉ ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «የማይክሮስኮፓችን ባለ 100 ሌንስ ደብዝዟል፤ የቱን እንግዛ?» (100 ጊዜ የሚያጎላው፣ ስላይድ ላይ ዘይት ጠብ ተደርጎ የሚሠራው ሌንስ ማለታቸው ነው።) ያገለገለውን ኦሪጅናል ግዙ ነው የምለው።

ዓምና ስም የሌለው አዲስ ሌንስ በ6,500 ብር ገዛሁ። በሦስተኛው ወር ዘይት ወደ ውስጥ ገብቶበት ምስሉ ጉም ለበሰ። ለማስፈታትና ለማስጸዳት 1,800 ብር ከፈልኩ፤ ሁለት ሳምንት እንኳ አልቆየም። በመጨረሻ ያገለገለ ኦሊምፐስ በ14,000 ብር ገዛሁ። ሲደመር 22,300 ብር! ኦሪጅናሉን አስቀድሜ ብገዛ ኖሮ 8,300 ብር ኪሴ ውስጥ ይቀር ነበር።

ድሬ ላይ ደግሞ በዚህ ሌንስ የምንፈልገው ወባን ነው። በ2014 ዓ.ም. ከተማችንን ያስጨነቀው ወረርሽኝ በየቤቱ የውሃ ማጠራቀሚያ ከምትራባው ስቴፈንሲ ትንኝ ጋር የተያያዘ ነበር። ሌንሱ ጥርት ካላለ ቀለበት የምትመስለውን ትንሿን ፓራሳይት ከጂምሳ (ደሙ የሚቀለምበት ቀለም) ዝቃጭ መለየት አይቻልም። በሽተኛው «ነጌቲቭ» ተብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው ግን በቁጥር ነው። ሌንሱ ላይ 160/0.17 ከተጻፈ የተሠራው በአብዛኛው ለድሮዎቹ ማይክሮስኮፖች ነው፤ የ∞ ምልክት ካለው በአብዛኛው ለአዲሶቹ። የሁለቱም የመጠምዘዣ ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ስለሆነ ነጋዴው «ይኸው ገባ!» ይላችኋል። መግባቱን ይገባል፤ ምስሉ ግን ይበላሻል። ከመሄዳችሁ በፊት በማይክሮስኮፓችሁ ላይ ያሉትን ሌንሶች አንብቡና ቁጥሩን ጻፉ።

ያገለገለ ስትገዙ አይፒሱን (በዓይን የምናይበትን ሌንስ) አውልቃችሁ ገልብጡትና እንደ ማጉያ ተጠቅማችሁ የሌንሱን ጫፍ እዩ። ጭረት፣ የደረቀ ዘይት ወይም የሸረሪት ድር የሚመስል ሻጋታ ካለ ተዉት። ጫፉን በጣት ገፋ ስታደርጉት ገብቶ መመለስ አለበት። በራሳችሁ ስላይድ ልሞክር ስትሉት እምቢ የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ፣ በ5,000 ብርም ቢሆን አትግዙት።

አምፖል ላይ ብዙ አትጨነቁ፤ ርካሹም ይሠራል። ቮልቱን ብቻ አመሳክሩ፦ 6 ቮልት በሚፈልገው ላይ ባለ 12 ብታስገቡ ይደበዝዛል፣ በተቃራኒው ካደረጋችሁ ወዲያው ይቃጠላል።

ኢመርሽን ኦይል (በሌንሱና በስላይዱ መካከል የሚገባው ዘይት) ግን ከታሸገው ይሁን፤ ጠርሙሱ ላይ 1.515 ወይም 1.516 የሚል የብርሃን ስብረት ቁጥር ይኑረው። ሴዳር ኦይል (የዝግባ ዓይነት ዛፍ ዘይት) ሌንስ ላይ ይደርቃል፣ ለማስለቀቅ ዛይሊን የተባለው ማሟሚያ ሲደጋገም ደግሞ የሌንሱን ማጣበቂያ ይጎዳል። እኔ 50 ሚሊውን በ1,200 ብር ነው የገዛሁት። አንድ ሚሊ 20 ጠብታ ቢወጣው 1,000 ስላይድ ያነብባል፤ በስላይድ 1 ብር ከ20 ሳንቲም ማለት ነው።