የሚኒያፖሊስ የምርጫ ወረቀት፦ ከንቲባው ደህና፣ ፓርክ ቦርዱ አንደኛ

ኮከቡን ቀድሜ ልስጥ። ለከንቲባው ምርጫ ከአምስት አራት፣ ለከተማው ምክር ቤት ሦስት፣ የከተማውን መናፈሻዎች ለሚያስተዳድረው፣ ማንም ዞር ብሎ ለማያየው ፓርክ ቦርድ ደግሞ ሙሉ አምስት።

የማወራው እዚህ አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ ከተማ ስለምንመርጥበት ወረቀት ነው። ከተማው እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የሚያስመርጠው በደረጃ ነው። ሦስት ዓምድ አለ። አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ምርጫችሁን ታጠቁራላችሁ። ከግማሽ በላይ ያገኘ ከሌለ ከታች ያሉት ይሰናበታሉ፤ የመረጧቸው ሰዎች ድምፅ ወደ ቀጣዩ ምርጫቸው ይሄዳል።

አጠቃቀሙ ለእኔ ቀላል ነው። አጎቴ ግን ሦስቱንም ዓምድ ለአንድ ሰው አጥቁሮ ወጣ። «ሦስቴ ስሰጠው ሦስት ድምፅ አይሆንለትም እንዴ?» አለኝ። አይሆንለትም ጋሼ! የሚቆጠረው አንዴ ነው። ሰውየው ከወደቀ ደግሞ ድምፅህ አብሮት ይወድቃል።

የምወድለት ነገር፦ «ድምፅህን አታባክን» የሚለውን ምክር ያስቀራል። የልባችሁን ሰው አንደኛ፣ ያሸንፋል የምትሉትን ሁለተኛ ማድረግ ትችላላችሁ። ወንዙን ተሻግሮ ያለው ሴንት ፖልም የሚመርጠው በደረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 በአንደኛ ምርጫ ሲመሩ የነበሩት የያኔው ከንቲባ ሜልቪን ካርተር ነበሩ። የወደቁት ዕጩዎች ድምፅ ሲተላለፍ ግን ካሊ ኸር አለፏቸው። በኢትዮጵያ ሕግ ቢሆን፣ የበለጠ ድምፅ ያገኘ ስለሚያሸንፍ፣ ካርተር በመጀመሪያው ቆጠራ አሸንፈው ወደ ቤታቸው ይገቡ ነበር። ከንቲባውን ባልወድም ብወድም፣ ይህኛው የሕዝቡን ልብ ይበልጥ የሚያሳይ ይመስለኛል።

አንድ ኮከብ ለምን ቀነስኩ? ሦስት ዓምድ ያንሳል። ሴንት ፖል እስከ ስድስት ያስደረድራል። እኛ ጋ ሚኒያፖሊስ እ.ኤ.አ. በ2013 ለከንቲባነት 35 ሰው ተወዳድሮ ነበር፤ ለመመዝገብ 20 ዶላር ብቻ ስለሚበቃ ማን ይቅር! ቤትሲ ሆጅስ ማሸነፋቸው የተረጋገጠው ከ33 ዙር በኋላ ነው። ከዚያ ክፍያውን ወደ 500 ዶላር አሳደጉት።

ወደ ምክር ቤቱ ልምጣ። 13 ዋርድ (የምርጫ ክልል) አለ፣ ከየዋርዱ አንድ ሰው ይመረጣል። ደረጃ አወጣችሁም አላወጣችሁም፣ ወንበሩ አንድ ከሆነ የተሸነፈው ወገን ባዶ እጁን ይመለሳል። ይህን የአዲስ አበባ ሰው ያውቀዋል። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ የከተማዋን 23 የፓርላማ ወንበር ቅንጅት ጠቅልሎ ወሰደ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ኢሕአዴግ 22ቱን ወሰደ፤ ለተቃዋሚ የተረፈችው አንዷ የአቶ ግርማ ሰይፉ ወንበር ነበረች። በመሀል ብዙ ነገር ሆኗል፣ አውቃለሁ። ግን ሁለቱም ጊዜ የተሸናፊው ወገን መራጭ ከተማ ውስጥ ነበረ፤ ወንበሩ ላይ ግን የለም ማለት ይቻላል። በየምርጫ ክልሉ የበለጠው ሁሉንም ከወሰደ ውጤቱ እንዲህ ነው። ደረጃ ማውጣት ብቻውን ይህን አይፈታም።

የሚፈታው ፓርክ ቦርዱ ላይ ያለው ነው። ከዘጠኙ የቦርድ አባላት ሦስቱን መላው ከተማ በአንድ ላይ ይመርጣቸዋል። ወረቀቱ ያው ነው፣ ቆጠራው ግን ይለያል። ለማለፍ ግማሽ አያስፈልግም፤ ከሩብ ትንሽ ከፍ ያለ ይበቃል። ከዚያ የተረፈው ድምፅ አይጣልም፣ በክፍልፋይ ተሰልቶ ወደ መራጮቹ ቀጣይ ምርጫ ይተላለፋል። ስለዚህ ከከተማው ሰው ከሩብ በላይ የሚሆነው ተስማምቶ አንድን ዕጩ ከመረጠ፣ አንድ ወንበር የሚነጥቀው የለም። የቀረው ሦስት አራተኛም ሌሎቹን ሁለት ይካፈላል። ይህን የመሰለ ነገር ለዛፍና ለመጫወቻ ሜዳ ብቻ መዋሉ ያናድደኛል።

ምክር ቤቱንም ሦስት ሦስት፣ አንዱን ቦታ አራት ወንበር አድርገው በዚሁ መንገድ ቢያስመርጡን ደስ ይለኛል። ጉዳት የለውም አልልም። አሁን ሰፈሬ መንገድ ላይ በረዶ ካልተጠረገ ለየትኛው ተወካይ እንደምደውል አውቃለሁ። ተወካዮቼ ሦስት ከሆኑ አንዱ ወደ ሌላው ሊያመላልሰኝ ይችላል። ቢሆንም ሦስት ቦታ መደወል ይሻለኛል፤ ቢያንስ አንዷ እኔ የመረጥኳት ትሆናለች።